ያክስቴ ልጅ ካሜራ ላይ የምትታየው አነር ናት ወይስ ቦብካት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከቢቸና ነው የምጽፍላችሁ። አሜሪካ ኮሎራዶ ያለው ያክስቴ ልጅ ከቤቱ ጀርባ ዛፍ ላይ ትሬይል ካሜራ (አውሬ ሲያልፍ በራሱ የሚቀርጽ) አስሮ የሌሊት ቪዲዮ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ ዥንጉርጉር ድመት መሳይ አውሬ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ታልፋለች። እሱ ቦብካት የምትባል የዱር ድመት ናት ይላል፣ እኔ የኛው አነር ናት ብዬ ተከራከርኩት፣ ማናችን ነን ልክ? ደሞ ትንንሽ ልጆች አሉት፣ አታሰጋም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያክስትህ ልጅ ልክ ነው። ቦብካት ከደቡብ ካናዳ እስከ ሜክሲኮ ነው ያለችው፣ አነር ደግሞ የአፍሪካ ነው። ቪዲዮውን መልሰህ ክፈትና ጭራዋን እይ፣ የቦብካት ቆራጣ ነው ከስንዝር አይበልጥም፣ ጫፉ ከላይ ጥቁር ከስር ነጭ። የአነር ረዘም ይላል ጥቁር ቀለበትም አለው፣ እግሩ ረጃጅም ጆሮው ትልቅና ቀጥ ያለ ነው። በኛ ደጋ ጥቁር አነርም አለ፣ በጨለማ ያየው ሰው ግስላ ነው ብሎ ቢሮጥ አልፈርድበትም።

በአንድ መንገድ የምትመላለሰው ግዛቷ ስለሆነ ነው። ቦብካት ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ አፈር ጭራ ሽንቷን እየሸናች ድንበሯን ታሳውቃለች፣ በተለይ ሌላ ሴት እንድትገባባት አትፈልግም፣ የወንዱ ግዛት ግን ሰፊ ስለሆነ የብዙ ሴቶችን ይነካል። አብዛኛውን ጊዜ ሊመሽ ሲልና ሊነጋ ሲል ትወጣለች፣ ጥንቸልና አይጥ አድብታ ጠብቃ ዘላ ትይዛለች፣ የተረፋትን ቅጠልና አፈር አልብሳ በሌላ ቀን ተመልሳ ትበላዋለች፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ስትቆም ካየሃት እዛ የቀበረችው ሥጋ ሊኖር ይችላል። ብዙ ቪዲዮ መጣ ማለት ደግሞ ብዙ ቦብካት አለ ማለት አይደለም፣ ነጠብጣባቸው እንደ ጣት አሻራ ስለሚለያይ ያክስትህ ልጅ ጎኗንና የእግሯን ውስጠኛ ክፍል እያስተያየ አንዷን ከሌላዋ መለየት ይችላል።

ስለ ልጆቹ፣ ክብደቷ ከ6 እስከ 14 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ሰው ካየች ትሸሻለች። ዶሮና ትንሽ ውሻ ግን ማታ ውጭ አያሳድር። በጠራራ ፀሐይ ሳትፈራ ወደ ሰው ከቀረበች የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ልጆቹን ቶሎ አስገብቶ ለሚመለከታቸው ይደውል።

አንተም አደራ፣ አነር ዶሮ ወሰደብኝ ብለህ ሥጋ ላይ መርዝ እንዳታደርግ! ዋናው ምግቡ አይጥ ነው፣ ሳር ውስጥ ቆሞ በጆሮው ሰምቶ ዘሎ ነው የሚይዛት፣ እህልህን የምትበላብህን ማለት ነው። መርዙ ደግሞ አነሩን ብቻ አይገድልም፣ የጎረቤት ውሻም ጥንብ አንሳም ያልቃል። ዶሮዎቹን ከመምሸቱ በፊት አስገባና በሩ ጥብቅ ያለ ቤት ውስጥ አሳድራቸው፣ ከስርም ክፍተት ካለ በድንጋይ ድፈነው።