ኪኒኑን ከምን ጋር ነው የምትውጪው?

ስሟን ሳትገልጽ የጠየቀችን እህት ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ሆርሞን አመንጪ እጢ) ማነስ አለብሽ ከተባለች 8 ወሯ ነው። ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ኪኒን 50 ማይክሮግራም ትወስዳለች። ደም ማነስ ስላለባት የአይረን ኪኒንም ታዞላታል። ድካሙ ግን አልለቀቃትም፣ ፀጉሯም ይረግፋል። ሐኪሙ "ኖርማል ነሽ" ይላታል። መጠኑን በራሴ ልጨምር ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ ነው የምትለው።

እህቴ፣ በራስሽ እንዳትጨምሪ። ለምን እንደሆነ ከደረሰብኝ ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

እኔም እንዳንቺ አዳማ ነው የምኖረው፣ ፍራንኮ አካባቢ። አስተማሪ ነኝ። ሕመሙ ሲጀምረኝ ግንቦት ነበር። የአዳማን ግንቦት ታውቂዋለሽ፤ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። እኔ ሹራብ ደርቤ ክፍል እገባ ነበር። ድምፄ ከመጎርነኑ የተነሳ ስም ስጠራ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች "አቤት ጋሼ!" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሆድ ድርቀቱ፣ ጠዋት ጠዋት የፊቴ ማበጥ፣ ወር አበባዬ ሲመጣ መብዛቱ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ደከመኝ ካልሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው እሱ ነው። ቀጥሎ ጨጓራ ተባልኩና ኦሜፕራዞል ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ ጭንቀት። በመጨረሻ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም አንገቴን ዳስሳ ቲኤስኤች አዘዘችልኝ። 38 ሆኖ መጣ። ለእናቴ ደውዬ ታይሮይድ ተገኘብኝ ስላት ታይፎይድ መስሏት "እሱንማ ታክመሽ የለም እንዴ!" አለችኝ።

ቲኤስኤች ማለት አንጎል ሥር ያለች ትንሽ እጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲለግም ትእዛዙ ይበረታል፣ ቁጥሩም ሽቅብ ይወጣል። በብዙ ላቦራቶሪ ጤናማው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። "ኖርማል ነሽ" ሲሉሽ ቃሉን ይዘሽ አትውጪ፤ ወረቀቱን ተቀበይ። 3.9ም ኖርማል ነው፣ 1.5ም ኖርማል ነው።

ሌቮታይሮክሲኑን በ50 ጀመርኩ። ከ6 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤቼ 17 ሆነ። ወደ 75 ተጨመረልኝ፤ 11። ወደ 100 ተጨመረልኝ፤ 9። ሐኪሟ ግራ ገባት። "በትክክል ትወስጃለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር።

የተሻለውን ጥያቄ የጠየቀኝ ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ነው። "ቲቸር፣ ከምን ጋር ነው የሚውጡት?"

ከምን ጋር ነበር? ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቡናዬ ሲደርስ የታይሮይዱን፣ እንዳንቺ ለደም ማነስ የታዘዘልኝን የአይረኑንና የጨጓራውን ኪኒን መዳፌ ላይ እደረድራለሁ። እንዳይረሳኝ ብዬ ነው አንድ ላይ ያደረግኩት። በአንድ ጉንጭ ውሃ እውጥና ስኒዬን አነሳለሁ። ልጁ ሳቁን መያዝ አቃተው። "ታዲያ የታይሮይዱን መቼ ወሰዱት?" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይረንና ካልሲየም ሌቮታይሮክሲኑን ሆድ ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል፤ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ስለዚህ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ቡናም ይቀንሰዋል። ኦሜፕራዞል ደግሞ የጨጓራን አሲድ ስለሚያሳንስ ኪኒኑ በደንብ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ለካ ሦስቱንም ጠላቶቹን በየጠዋቱ አብሬ እጋብዝለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የታይሮይዱን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ እወስዳለሁ። ቡናና ቁርስ ከአንድ ሰዓት በኋላ። አይረኑን ከትምህርት ቤት ስመለስ 10 ሰዓት ላይ ከብርቱካን ጋር። ሻይ አጠገቡ አይደርስም፤ ሻይም ቡናም አይረኑን ራሱን ያግዱታል። የጨጓራውን ሐኪሟ አይታ አስቆመችኝ።

በ7ኛው ሳምንት ቲኤስኤች ስንት ሆነ መሰለሽ? 0.1። ልቤ ይደልቃል፣ ጠመኔ የያዘ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለም። ኪኒኑ በደንብ መግባት ሲጀምር 100 በዛብኝ። ወደ 75 ወረድኩና 2.3 ላይ ረጋ። አንቺም ዛሬ በራስሽ ጨምረሽ ነገ አይረኑን ብታራርቂው እዚሁ ጉድ ውስጥ ነው የምትገቢው። መጀመሪያ አወሳሰድሽን አስተካክዪ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተሽ ተመርመሪ። ከዚያ ስለ መጠኑ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። ከ6 ሳምንት በፊት ብትመረመሪ ቁጥሩ ገና አይረጋም።

ታይሮይዴ ተስተካክሎም ግን ድካሙ ግማሹ ቀረ። ሄሞግሎቢኔ 12.1 ስለደረሰ አይረን ይበቃሻል ተብዬ ነበር። ፌሪቲን አሠሩኝ ብዬ ለመንኩ። የሄድኩበት ላቦራቶሪ ናሙናውን አዲስ አበባ ልኮ ነው ያሠራው፤ ውጤቱ 7 ሆነ። ሄሞግሎቢን መሶብ ላይ ያለው እንጀራ ነው በይው። ፌሪቲን አይረን የሚከማችበት ጎተራው ነው። የኔ መሶብ ሞልቶ ጎተራው ባዶ ነበር። ፀጉር ከሚያረግፉት ነገሮች አንዱም ይኸው የአይረን ማነስ ነው። ታይሮይድ ሲያንስ ወር አበባ ይበዛል፣ ደሙ ሲፈስ አይረኑም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱ በሽታዎች እንደዚህ ነው የተያያዙት። አይረኑን ሐኪሟ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ አዘዘችኝ፤ ለሆዴም ቀለለኝ። ፌሪቲኑ እስኪሞላ ወራት ፈጀ።

ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ዝቅ ብሎ 160 ሆኖ ተገኘ። እግሬን ጉንዳን እንደወረረው ያደርገኝ የነበረው ለዚህ ነው። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሽሮና ምስር አይረን እንጂ እሱን አይሰጡሽም። እኔ ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ኦሜፕራዞልም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ን ያወርደዋል። በዚያ ላይ ሰውነት የራሱን ታይሮይድ ሲያጠቃ ጨጓራንም የሚያጠቃበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ብትበይም ቢ12ቱ አይገባም። መርፌውን ወሰድኩ፣ ጾሜን አልተውኩም። በነገራችን ላይ ጠዋት ኪኒን ለመውሰድ የማይመችሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ረመዳን ላይ፣ እራት ከተበላ ከ3 ሰዓት በኋላ መኝታ ላይ መውሰድም ይቻላል። ለሐኪምሽ ንገሪያትና አንዱን ሰዓት ያዢ።

ለፀጉርሽ ብለሽ ቫይታሚን ጀምረሽ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቢ። ባዮቲን የሚባለው ካለበት የታይሮይድ ምርመራውን ያሳስታል፤ ኪኒኑ ሳይበዛብሽ የበዛብሽ ሊያስመስል ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሚው። በምርመራው ጠዋትም ኪኒንሽን ደም ከሰጠሽ በኋላ ነው መዋጥ። ቫይታሚን ዲ ካዘዙልሽ ካልሲየም የተቀላቀለበት መሆኑን እዪ፤ ከሆነ እሱም 4 ሰዓት ይርቃል።

ጎረቤት ጎመን አትብዪ ይልሻል። የበሰለ ጎመን በልክ ምንም አያደርግሽም። አዮዲን ጠጪ የሚልሽን ግን አትስሚ። አዮዲን ያለበት የወጥ ጨው ይበቃል፤ ከልክ ሲያልፍ የታመመን ታይሮይድ ይብስ ያደክመዋል።

ኪኒኑን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ፀሐይ ላይ አትዙሪ፣ ሙቀት አይወድም። አንዳንዴ የለመድሽው ይጠፋና የሌላ ፋብሪካ ይሰጡሻል። መውሰዱን አታቋርጪ፤ ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ እንደገና ተመርመሪ።

አዲስ አበባውን በተመለከተ፣ አሁን የትራንስፖርቱን ገንዘብ ለፌሪቲንና ለቢ12 ምርመራ አውይው። አወሳሰድሽ ተስተካክሎ፣ ሁለት ጊዜ ተመርምረሽ ቁጥሩ አልረጋ ካለ፣ ወይም አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ፣ ያኔ የሆርሞን ስፔሻሊስት ፈልጊ። ካረገዝሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ይጨመራል፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ኪኒንም አይረን አለበትና ሰዓቱን አለያዪ።