ለወንድሜ ገንዘብ ብልክ ባሌ «ዋሸሽኝ» አለኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጀርመናዊ ካገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ለእናቴ በየወሩ 150 ዩሮ እልካለሁ፤ ይህን ባሌም ያውቃል። በቅርቡ ግን ወንድሜ ባጃጅ ለመግዛት ገንዘብ ጎደለኝ ሲለኝ፣ ከጋራ ሂሳባችን 1,200 ዩሮ አውጥቼ ሳልነግረው ላክሁለት። የባንክ ዝርዝሩን ሲያይ «ዋሸሽኝ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አኩርፏል። አምና እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ገና በሁለተኛው ቀን «መቼ ነው የምትመለሺው?» ብሎ አስቀይሟታል። ባህላችን አይገባውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ በመካከላችሁ የባህል ልዩነት መኖሩ እውነት ነው። 1,200 ዩሮው ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። አዲስ አበባ ያለ ባልም ቢሆን ሚስቱ ከጋራ ደብተራቸው ሳትነግረው ይህን ያህል ብታወጣ ይቆጣል። ለዚህ ባህልን መከላከያ ካደረግሽው፣ ነገ በእውነት የባህል የሆነውን ስታነሺ የሚሰማሽ አታገኚም።

ስለዚህ ከመደበቁ ጀምሪ። ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ፣ «ሳልነግርህ መላኬ ስህተት ነው» በይው፤ «ብነግርህ እንቢ ትለኝ ስለነበር» የሚለውን አትጨምሪበት። ሌላም ያልነገርሽው ገንዘብ ካለ ያኔውኑ ጨርሰሽ ንገሪው። ዛሬ ትንሽ፣ ከወር በኋላ ሌላ እየተባለ ሲወጣ፣ ባልሽ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ውሸት ነው የሚቆጥረው። በትዳር ጥናት የታወቀው ጆን ጎትማን እንደሚለው፣ በጭቅጭቅ መሀል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በትክክል መስማት ያቅተዋል። እዚያ ከደረሳችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ አቋርጡ። ይቋረጥ ያለው ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ይናገር፤ አለዚያ ዕረፍቱ ኩርፊያ ይሆናል።

አሁን ወደ ባህሉ። ባልሽ ያደገው የወላጅ እርጅና በጡረታና በእንክብካቤ መድን (ሰው ራሱን መርዳት ሲያቅተው ለሚንከባከቡት ወጪ በሚውል መድን) በሚሸፈንበት አገር ነው። የእንክብካቤ መድኑ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የልጁ ዓመታዊ ገቢ ከ100,000 ዩሮ ካላለፈ፣ መንግሥት ለወላጁ እንክብካቤ የሰጠውን ድጎማ ክፈል ብሎ አይጠይቀውም። በኛ አገር የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ በጡረታ ሕግ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. ነው። ጉልት ቸርችራ ወይም ቤቷን ስታስተዳድር የኖረች እናት ምንም የላትም። እሱ 150 ዩሮውን ስጦታ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ለእናትሽ ግን ጡረታቸው ነው። ይህን በዚህ መልክ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ብዙ ሰው «ግዴታዬ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ግዴታው ከየት እንደመጣ አያስረዳም። ገንዘቡ ምን እንደሚሸፍን በወረቀት ጻፊለት፦ ኪራዩን፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን፣ ጤፉን፣ የዕድር መዋጮውን።

ከዚያ ለቤተሰብ የሚላከውን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው የእናትሽ ወርሃዊ ነው፤ በየወሩ ክርክር አይነሳበትም። ሁለተኛው ለሕክምናና ለለቅሶ የሚሆን መጠባበቂያ ነው፤ ለምሳሌ በወር 50 ዩሮ ይጠራቀም፣ ከዚያ ስታወጪ አታስፈቅጂም፣ እሱ ግን ዝርዝሩን ያያል። ሦስተኛው እንደ ባጃጁ ያለ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከ200 ዩሮ በላይ ለሆነ ሁሉ ሁለታችሁም ሳትስማሙ አይላክም፤ መልስም ከሁለት ቀን በፊት አይሰጥ። ቁጥሮቹን እንደ ገቢያችሁ ለውጡ። አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው መጠባበቂያው ባዶ በሆነበት ወር፣ ስልክ ተደውሎ «ዛሬውኑ ካልደረሰ» ሲባል ነው። ያኔ እንቢ የምትይው አንቺ ነሽ። «ባሌ ከለከለኝ» ካልሽ ለዛሬ ትገላገያለሽ፤ ወንድምሽ ግን ባልሽን ለዓመታት ይጠላዋል። «ዘንድሮ አንችልም፤ ለመስከረም 300 ዩሮ ልናግዝህ እንችላለን» በይው፤ «ልናግዝህ» ስትይ እሱም አብሮ እንደሚያግዘው ይሰማል።

ቁጥር ለሚወድ ባል ከልመና የሚሻል ነገርም አለ። ለችግረኛ ወላጅ የተላከ ድጋፍ በጀርመን የግብር ሕግ ተቀናሽ ሊሆን ይችላል፤ ለወንድም የተላከ ግን አይሆንም። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በባንክ ማስተላለፉ ግዴታ ሆኗል፤ በሰው እጅ የሚላከው አይያዝላችሁም።

የእናትሽ ነገር ትንሽ ይለያል። የጉብኝት ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የጉዞ ጤና መድን ይጠየቅበታል፤ ወጪያቸውን ሁሉ እችላለሁ ብሎ በፊርማው ዋስ የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ ጋባዡ ነው። ባልሽ «መቼ» ያለው ይህን እያሰላ ሊሆን ይችላል፤ እናትሽ ግን «ውጪልኝ» ብለው ነው የሰሙት። በሚቀጥለው ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ቀኑን ሁለታችሁ ወስኑ፤ ለእናትሽም አንቺው ንገሪያቸው። ማዕድ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። እሱ «ይጨመር?» ሲል እናትሽ «በቃኝ ልጄ» ይላሉ፣ እሱ አምኖ ሳህኑን ያነሳል፣ እሳቸው ርቧቸው ያድራሉ። እሱን ሦስት ጊዜ መጠየቅን አስተምሪው፤ እሳቸውንም እዚያ የመጀመሪያው «በቃኝ» እንደሚታመን አስጠንቅቂያቸው።

ሁሉም ይፈታል ብለሽ ግን አትጠብቂ። የጎትማን ጥናት እንደሚያሳየው 69 በመቶው የባልና ሚስት አለመግባባት የማያልቅ ዓይነት ነው፤ ይህም አንድ ባህል ባላቸው ጥንዶች ዘንድ ጭምር የታየ ነው።

ብቻችሁን ካልሆነላችሁ ካሪታስና ዲያኮኒ የተባሉት የአብያተ ክርስቲያናት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የትዳር ምክር ይሰጣሉ፤ መሄድ ያለባችሁ ግን አብራችሁ ነው። ባልሽ ደመወዝሽን የሚይዝብሽ፣ ካርድሽን የሚነጥቅሽ ወይም ለእናትሽ እንዳትደውዪ የሚከለክልሽ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ይቅር፤ ያ የባህል ልዩነት አይደለም። ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች በጀርመን ወደተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ፣ 116 016፣ ደውዪ፤ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል።