የልጆች ድህነትና የቅድመ ልጅነት ውትወታ፦ ጥያቄና መልስ

(ለትንንሽ ልጆች በጀትና አገልግሎት እንዲመደብ ለሚወተውቱ የተዘጋጀ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ድሃ ከተባለ ልጁም ድሃ ነው። ልጆችን ለብቻ መቁጠር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይገጥምም። የገንዘብ ድህነት መለኪያ የቤቱን ገቢ ወይም ወጪ በነፍስ ወከፍ ያካፍላል እንጂ ለማን ምን እንደደረሰ አያሳይም። ከድህነት ወለል በላይ ባለ ቤት ውስጥ ያልተከተበ፣ ንጹህ ውሃ የማያገኝ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የገንዘብ ድህነትና ዘርፈ ብዙ ድህነት (እንደ ጤናና ንጹህ ውሃ ያሉ መሠረታዊ ነገሮች መጓደል) ጎን ለጎን ይለካሉ። ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ በ2023 ባወጡት ግምት፣ በ2022 በቀን ከ2.15 ዶላር በታች በሚተዳደር ቤት ይኖሩ የነበሩ ልጆች 333 ሚሊዮን ናቸው፤ ከስድስት አንዱ ማለት ነው። ዶላሩ የባንክ ምንዛሬ ሳይሆን በመግዛት አቅም የተሰላ ነው። በ2025 ወለሉ ወደ 3 ዶላር ስለተሻሻለ የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አታነጻጽሩ። መለኪያው ስለተቀየረ ብቻ ድህነት የባሰ ይመስላል፤ የውትወታ ሰነዳችሁን የሚያነብ ባለሥልጣን ይህን ስህተት ካገኘ ደግሞ የቀረውንም አያምንም።

ጥያቄ፦ የመቀንጨር (ቁመት ከዕድሜ በታች የመሆን) መረጃ ስንሰበስብ በብዛት የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

መልስ፦ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተጋድሞ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። ትንሹ ቆሞ ከተለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ይደመርለታል፤ ሰው ሲቆም በዚያ ያህል ያጥራልና። ጫማ ይወልቃል፣ የፀጉር ጌጥ ይፈታል። ለኪዎቹ ሁለት ይሁኑ፦ አንዱ የልጁን ጭንቅላት ከራስጌው ሰሌዳ አስጠግቶ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ዘርግቶ የግርጌውን ሰሌዳ ከተረከዙ ጋር ያጋጥማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው የዕድሜ ስህተት ነው። እናት «ዓመት ሆኖታል» ስትል 10 ወርም 14 ወርም ሊሆን ይችላል። የ10 ወሩን ልጅ 14 ብላችሁ ከመዘገባችሁ ጤናማው ልጅ ቀንጭሯል ሊባል ይችላል። የልደት ወይም የክትባት ካርድ ጠይቁ፤ ከሌለ በበዓላትና በአዝመራ ወቅት እያስታወሳችሁ ወሩን አጥብቡት።

ጥያቄ፦ ምግብ ይቅደም ወይስ ማጫወትና ማነጋገር?

መልስ፦ ማስቀደም አያስፈልግም፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። በጃማይካዋ ኪንግስተን በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀነጨሩ 129 ሕፃናት በአራት ቡድን ተከፍለው ነበር፦ ጨዋታ ብቻ፣ ተጨማሪ ምግብ ብቻ፣ ሁለቱም፣ ሁለቱም ያልተሰጣቸው። ጨዋታ በደረሳቸው ቡድኖች የጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ሰዓት እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ለሁለት ዓመት አሠለጠኑ። ከ20 ዓመት በኋላ ይህን ያገኙት ልጆች ገቢ ካላገኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ተጨማሪ ምግብ ብቻ በተሰጣቸው ላይ ይህ የገቢ ልዩነት አልታየም። ይህን ይዞ «ምግቡ ይቅር» ማለት ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተራበ ልጅ ለጨዋታም አቅም የለውም።

ጥያቄ፦ «ገንዘብ ከሰጣችሁ ወላጆች ይጠጡበታል» ለሚሉን ምን እንመልስ?

መልስ፦ የዓለም ባንክ በ2014 ብዙ ጥናቶችን ገምግሞ ድጎማ የመጠጥና የትምባሆ ወጪን እንደማይጨምር አሳይቷል። አሜሪካ በ2021 ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በወር እስከ 300 ዶላር ሰጠች። የዚያ ዓመት የልጆች ድህነት 5.2 በመቶ ነበር፤ ድጎማው ከተቋረጠ በኋላ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ አሻቀበ። ስትጠቅሱት በ2021 ሌላ ድጋፍም እንደነበር ጨምሩ፤ ካልጨመራችሁ ተቃዋሚያችሁ ይጨምረዋል።

ጥያቄ፦ «ለልጆች ቅድሚያ ይሰጥ» ስንል ሁሉም ያጨበጭባል፣ የሚለወጥ ነገር ግን የለም።

መልስ፦ ያልከፈለ ሰው ቢያጨበጭብ ምን ይጎዳዋል? ጥያቄያችሁ ስንት ልጅ፣ ለአንድ ልጅ በዓመት ስንት፣ ከየትኛው የበጀት ርዕስ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት የሚሉትን ይመልስ። የሚቀርበውም የገንዘብ ሚኒስቴር ለመሥሪያ ቤቶች የወጪ ጣሪያ ከመላኩ በፊት ነው። ብዙዎች በጀቱ ፓርላማ ሲደርስ ይነሣሉ፤ ያኔ የቀረው ማስተካከያ ብቻ ነው። ከጸደቀ በኋላም የተመደበውን ሳይሆን ሥራ ላይ የዋለውን ተከታተሉ። ድጎማው ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከልበትን አንቀጽ ገና ከጅምሩ አስገቡ፤ አለዚያ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። የልደት ምዝገባን የድጎማው ብቸኛ መግቢያ ማድረግ ደግሞ እጅግ ድሃውን ልጅ በር ላይ ያስቀራል፤ ጊዜያዊ ማስረጃ ይፈቀድ።

ጥያቄ፦ ከትምህርት በጀት 10 በመቶው ለትንንሾቹ ይመደብ የሚባለውስ?

መልስ፦ በ2022 በዩኔስኮ የቅድመ ልጅነት ጉባኤ የወጣው የታሽከንት መግለጫ አገሮች ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ መደበኛ ትምህርት እንዲመድቡ ጠይቋል። ጥሩ መደገፊያ ነው። ነገር ግን ቅድመ መደበኛ በአብዛኛው የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ ከዚያ በታች ላሉት በጤናና በማኅበራዊ ጥበቃ በጀት ውስጥ የተለየ ርዕስ ጠይቁ።