ከኮሌስትሮል የሚወለዱትን ጥቃቅን ውህዶች መለካት፦ ከባሕር ዳር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከባሕር ዳር የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ነርሶችና ተማሪዎች ስለ ኮሌስትሮል ሜታቦላይቶች፣ ማለትም ከኮሌስትሮል ስለሚፈጠሩት ውህዶች፣ ጥያቄ ልካችኋል። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማሽን፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ ስለ መለካት የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ በምን ይለያል?
የተለመደው ምርመራ ጠቅላላ ኮሌስትሮልን፣ ኤልዲኤልንና ኤችዲኤልን ይለካል። ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 200 ሚሊግራም ገደማ ስለሚገኝ ኢንዛይምና የቀለም ለውጥ ይበቃዋል። ኮሌስትሮል ላይ ኦክስጅን ሲጨመር የሚፈጠሩት ኦክሲስቴሮሎች ግን በአንድ ሚሊሊትር ፕላዝማ ውስጥ በናኖግራም የሚቆጠሩ ናቸው። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን በሚከበው፣ ከጀርባ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥማ ከዚያም ያንሳሉ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ የሚለየው በክብደት ከሆነ፣ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን እንዴት ይለያል?
ጥሩ ጥያቄ ነው። 24፣ 25 እና 27-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል የተባሉት ኦክሲስቴሮሎች ሦስቱም የሞለኪውል ክብደታቸው 402 ገደማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውህዶችን በሚለያየው የክሮማቶግራፊ ዓምድ ውስጥ አልፈው በተለያየ ሰዓት መውጣት አለባቸው። በዚያ ላይ ማሽኑ የሚያያቸው ቻርጅ ሲይዙ ነው፣ እነሱ ግን ቻርጅ መያዝ ያስቸግራቸዋል፤ ብዙዎች በኮሌስትሮል ኦክሲዴዝ ኦክሲዳይዝ ካደረጓቸው በኋላ ጂራርድ ፒ የተባለ ቻርጅ ያለው ውህድ ያጣብቁባቸዋል። መጠኑ የሚሰላው በዲዩቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) ምልክት ከተደረገበት፣ መጠኑ ከሚታወቅ ስታንዳርድ ጋር በማወዳደር ነው።

ጥያቄ፦ ናሙናውን እዚህ ወስደን ወደ ሌላ ቦታ ብንልክስ? መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል።
ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። ኮሌስትሮል አየር ካገኘ ራሱን በራሱ ኦክሲዳይዝ ያደርጋል፤ 7-ኬቶኮሌስትሮልና 7ቤታ-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል በቱቦው ውስጥ ይፈጠራሉ። ማሽኑ ውህዱ በታካሚው አካል ይፈጠር በቱቦው ውስጥ አይለይም። በባሕር ዳር ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ያደረ ደም ውጤቱ የሚያሳስት ነው።

ስለዚህ ደሙን ወይን ጠጅ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ በያዘ ቱቦ ቅዱ፣ ወዲያው በረዶ ላይ አኑሩ፣ ሳይቆይ ሴንትሪፉጅ አድርጉ። ፕላዝማውን ስትቀዱ የፒፔቱ ጫፍ ከነጩ የሴሎች ሽፋን በላይ ይቁም። ኦክሲዴሽን የሚከላከለውን ቢኤችቲ ጨምሩ፣ በትንንሽ ቱቦዎች አካፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ። መከፋፈሉ ይጠቅማል፤ አንዱን ለማውጣት ሌላውን ማቅለጥ አያስፈልግም። ጄኔሬተር ከሌለ ደረቅ በረዶ (ጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ) አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ጉዞውም በእሱ ይሁን።

ላብራቶሪው ደግሞ ገና ከጅምሩ በዲዩቴሪየም ምልክት የተደረገበት ኮሌስትሮል ይጨምር። ዲዩቴሪየም ያለው ኦክሲስቴሮል ከታየ፣ የተፈጠረው በሥራው ሂደት እንደሆነ ይታወቃል። ይህን ሳይጠይቅ ውጤት የሚቀበል ተመራማሪ አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ እናቴ ቅቤ ትወዳለች፤ ይህን ምርመራ ላሠራላት?
አያስፈልግም፣ እህቴ። ለእናትሽ የተለመደው የቅባት ምርመራና የደም ግፊት ልኬት ይበቃል፤ ሐኪማቸው ውጤቱን ያስረዳሻል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለታካሚ ምን ይጠቅማል?
አንዳንዱ ለምርምር ነው። የአንጎል ኮሌስትሮል በቀጥታ ወደ ደም ስለማይወጣ፣ አንጎል ሲዋይፒ46ኤ1 በተባለ ኢንዛይም ወደ 24ኤስ-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል ቀይሮ ያስወጣዋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ስለ አንጎል ፍንጭ ይሰጣል።

ሕይወት የሚለውጠው ግን በውርስ የሚመጡ በሽታዎች ላይ ነው። ከሕፃንነቱ ተቅማጥ የማይለቀው፣ በልጅነቱ ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ የለበሱ፣ ካደገ በኋላ ከተረከዙ በላይ ያለው የአኪሌስ ጅማቱ ያበጠ ሰው ሲመጣ፣ ሴሬብሮቴንዲነስ ዛንቶማቶሲስ የተባለውን የውርስ በሽታ አስቡ። በደሙ ኮሌስታኖል የተባለው የኮሌስትሮል ዘመድ ይበዛል፣ ኮሌስትሮሉ ግን ጤናማ ሊመስል ይችላል። ኬኖዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለ መድኃኒት አለው፤ የነርቭ ጉዳት ሳይጸና ቢጀመር የተሻለ ይሠራል።