ሶላር ያለ ሱዶ ሪሲቨሩን አላይም ሲል

እህቴ ጥያቄሽን ሌሎችም እንዲከታተሉት አጠር ላርገው። የሎጂቴክ ማውስና ኪቦርድ አለሽ፣ ባትሪውን ለማየትና ቁልፎቹን ለማስተካከል ሶላር የሚባለውን ፕሮግራም ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ በፒፕ (የፓይተን ፕሮግራሞች መጫኛ) ጫንሽ፣ ስትከፍቺው ግን ፐርሚሽን የለኝም ይላል። በሱዶ (በአስተዳዳሪው በሩት ፈቃድ ስትከፍቺው) ይሰራል። ሲኤችሞድ 666 (ማንም ሰው እንዲያነበውና እንዲጽፍበት የሚፈቅድ) ስትሰጪውም ይሰራል፣ ሪሲቨሩን (ማውሱና ኪቦርዱ የሚገናኙበትን ትንሿን ዩኤስቢ) ነቅለሽ ስትሰኪው ግን ተመልሶ እምቢ። ዳያልአውት ግሩፕ ግቢ ተብለሽ ገባሽ፣ እሱም ምንም አልፈየደም።

የዳያልአውቱን ቶሎ እንለፈው፣ እሱ ለሲሪያል ፖርት ነው፣ አርዱዪኖ ስትሰኪ የሚመጣው አይነት። ያንቺ ሪሲቨር ዴቭ (የተሰኩ ዕቃዎች ፋይል የሚታይበት ፎልደር) ስር ኤችአይዲሮው በሚል ስም ነው የሚመጣው ስለዚህ አይገናኙም። ግን አንድ ነገር ቼክ አድርጊልኝ፣ በዩዘርሞድ ትዕዛዝ ግሩፕ ስትጨምሪ ትልቋን ጂ ብቻ ጽፈሽ ትንሿን ኤ ረስተሽ ከሆነ ከሌሎቹ ግሩፖች አውጥቶሻል ማለት ነው፣ ሱዶንም ጨምሮ። ተርሚናል ላይ አይዲ ብለሽ የዩዘር ስምሽን አስከትይ፣ ሱዶ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሎግአውት ሳታደርጊ አሁኑኑ መልሺው።

አሁን ወደ ዋናው። 666 የሚጠፋው ምን መሰለሽ፣ ዴቭ ስር ያለው ፋይል እንደ ሌላ ፋይል ዲስክ ላይ የተቀመጠ አይደለም፣ ዕቃው ሲነቀል ይጠፋል ሲሰካ እንደ አዲስ ይፈጠራል፣ ሲፈጠር ደግሞ ፐርሚሽኑን የሚወስንለት ዩዴቭ (የሚሰኩ ዕቃዎችን የሚያስተናግደው የሊኑክስ ክፍል) ነው። ስለዚህ ፈቃዱ መጻፍ ያለበት ዩዴቭ ሩል (ዩዴቭ የሚከተለው ደንብ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ የምታደርጊው ሁሉ እስክትነቅዪው ድረስ ብቻ ነው። 666ን ደግሞ እባክሽ ተይው፣ በዛ ሪሲቨር የኪቦርድሽ ጽሁፍም ስለሚያልፍ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም የምትጽፊውን ማንበብ ይችላል፣ ፓስወርድሽን ሳይቀር። በሱዶ መክፈቱም አይበጅም፣ ሴቲንግሽ ወይ ሩት ሆም ውስጥ ይገባል ወይ ያንቺ ፎልደር ውስጥ በሩት ባለቤትነት ይቀመጥና በኋላ በራስሽ ስትከፍቺው አላስቀምጥም ይልሻል።

ችግሩ የመጣው ከፒፕ ነው። ፒፕ ፕሮግራሙን ይጭናል እንጂ የዩዴቭ ሩሉን ቦታው ላይ አያስቀምጥም። በአፕት (በኡቡንቱ በራሱ መጫኛ) ስትጭኚው ግን ሩሉ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ አዲሱ ቨርዥን የግድ ካልሆነብሽ የፒፑን አጥፊና በአፕት ጫኚው፣ ሪሲቨሩን ነቅለሽ ስኪው፣ በቃ።

የግድ ከሆነ ደግሞ ከሶላር ሶርስ ኮድ ውስጥ 42 ብሎ የሚጀምረውን የሩል ፋይል ወስደሽ ኢቲሲ ስር ዩዴቭ ውስጥ ያለው የሩልስ ፎልደር ላይ ኮፒ አድርጊው። ሩሉ በአጭሩ የሚለው፣ ሰብሲስተሙ ኤችአይዲሮው ከሆነና ቬንደሩ 046ዲ ከሆነ (የሎጂቴክ ቁጥር ነው፣ ኤልኤስዩኤስቢ ብትዪ ታዪዋለሽ) ዩአክሰስ የሚል ታግ ጨምርበት ነው። ዩአክሰስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሎግኢን ላደረገው ሰው ብቻ ፈቃድ ይሰጣል፣ ለዚህ ስራ ከዚህ የተሻለ የለም።

ራስሽ የምትጽፊው ከሆነ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አሉ። ታጉ ላይ ፕላስና እኩል ይሆን ነው የሚጻፈው፣ ሁለት እኩል ይሆን ካደረግሽ መጨመር መሆኑ ይቀርና ማወዳደር ይሆናል። የ046ዲ ዲዋ ትንሿ ዲ ትሁን። የፋይሉ ስም ቁጥር ደግሞ ከ73 ማነስ አለበት፣ ዩአክሰስን ስራ ላይ የሚያውለው የሲስተምዲ ሩል 73 ላይ ስለሆነ ከሱ በኋላ የሚነበብ ታግ አይደርስም፣ ሰዉ ግን ሁሌ 99 ብሎ ይሰይምና ለምን አልሰራም ይላል። ማውሱ በብሉቱዝ ከሆነ የተገናኘው በዩኤስቢ ቬንደር የተጻፈ ሩል አያገኘውም፣ የሶላሩ ፋይል ግን ለብሉቱዝም መስመር አለው።

ፋይሉን ካስቀመጥሽ በኋላ ዩዴቭአድም ኮንትሮል ሪሎድ በሱዶ ስጪና ሪሲቨሩን ነቅለሽ ስኪው። ከዛ ኤልኤስ ማይነስ ኤል ብለሽ ኤችአይዲሮው ፋይሎቹን እያቸው፣ ከፐርሚሽኑ ጫፍ ላይ የመደመር ምልክት ከመጣ ፈቃዱ ገብቷል፣ ጌትፋክል ብትዪ ስምሽን ራሱ ያሳይሻል። ምልክቱ ከሌለ በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ) ገብተሽ እንዳይሆን እዪ፣ ከሩቅ ለገባ ሰው ዩአክሰስ አይሰጥም፣ እንደዛ መስራት ካለብሽ ሩሉ ላይ አንድ ግሩፕ ስጪውና ሞዱን 0660 (ባለቤቱና ግሩፑ ብቻ እንዲያነቡና እንዲጽፉ) አድርጊው፣ ራስሽንም ግሩፑ ውስጥ አስገቢና ሎግአውት ብለሽ ተመለሺ።