ሱፐርኮንዳክተር ጎንደር ላይ ሆኖ ይጠናል?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በፊዚክስ ልትመረቂ ነው፤ ለማስተርስ የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮችን፣ ማለትም በጣም ሲቀዘቅዙ ኮረንቲን ያለ ረዚስታንስ (ያለ እንቅፋት) የሚያሳልፉትን፣ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ግን ጎንደር ላይ ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ናይትሮጅን አይተሽ አታውቂም፣ እንግሊዝኛው ይከብድሻል፣ ያስተማረሽ ወንድምሽ ደግሞ «ይብቃሽ፣ ባንክ ግቢ» ይልሻል።

እንግሊዝኛው በንባብ ይመጣል። ወንድምሽን አመስግኚው፤ ስላስተማረሽ ግን ዕድሜ ልክ የምትሠሪውን ሥራ አይመርጥልሽም። የብሩ ጭንቀት እውነት ነው። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ልጁን የሚያስጠናለት የሚፈልግ ወላጅ ሞልቷል፤ ማታ ማታ እያስጠናሽ ወጪሽን ቻይ።

እኔን የቆረቆረኝ የናይትሮጅኑ ነገር ነው። ርዕሱን በማቀዝቀዣው በኩል ብቻ ነው ያየሽው። የእነዚህ ነገሮች ጉድ ያለው ንብርብራቸው ላይ ነው። ኮረንቲው ያለ ረዚስታንስ የሚሄደው መዳብና ኦክስጅን በተነጠፉበት ንጣፍ ላይ ነው፤ ቻርጁን የሚመግቡት ከላይና ከታች ያሉት ሌሎች ንብርብሮች ናቸው። ቢስመዝ የተባለው ብረት ባለበት ቤተሰብ ሁለት ንጣፍ ያለው 90 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ሴልሺየስ) አካባቢ፣ ሦስት ያለው 110 አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ከሦስት ሲያልፍ ግን ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ወጡ ከላይና ከታች ብቻ ሲፈስ መሃል ያለው እንጀራ ደረቅ እንደሚቀረው፣ ለመሃለኞቹ ንጣፎች በቂ ቻርጅ አይደርሳቸውም።

ታዲያ የሠራሽው ናሙና ባለሁለት ይሁን ባለሦስት በምን ታውቂያለሽ? በኤክስሬይ ነዋ! ከናሙናው በየማዕዘኑ የሚመለሰውን ጨረር ማሽኑ በግራፍ ያወጣልሻል። በተለመደው የመዳብ ኤክስሬይ ቱቦ፣ የመጀመሪያዋ ፒክ (የግራፉ ሹል ጫፍ) ለባለሁለቱ 5.7 ዲግሪ፣ ለባለሦስቱ 4.8 ዲግሪ አካባቢ ትወጣለች። ንብርብሩ ሲረዝም ፒኳ ወደ ግራ ትሸሻለች። ሁለቱም ፒኮች ከታዩ ናሙናሽ ድብልቅ ነው፤ መልሰሽ ፈጭተሽ ፈርነስ (የማብሰያ ምድጃ) ታስገቢዋለሽ።

ይቺን ግራፍ ማንበብ የቻለ ሰው ሥራ አያጣም። እኔ ሲሚንቶ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ እንጀራ የበላሁት በዚሁ ማሽን ነው፤ ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) በደንብ መብሰሉን የምናየው በሱ ነበር። ሱፐርኮንዳክተር የሚል ማስታወቂያ እዚህ አገር አትጠብቂ፤ ኤክስሬይ የሚችል ባለሙያ ግን ይፈለጋል።

የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ቤድኖርዝና ሙለር እነዚህን የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች ያገኙት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ለምን ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆኑ ግን እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። ስለዚህ «ምክንያቱን እፈታለሁ» የሚል ፕሮፖዛል አትጻፊ። «የማብሰያው ሙቀት የንጣፉን ቁጥር እንዴት ይለውጣል?» ይበቃሻል።

ከመመዝገብሽ በፊት አማካሪሽን «ኤክስሬዩን የት እናነሳለን? ማን ይከፍላል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ቦታውን ከነገሩሽ ግቢበት። «መረጃውን ሌሎች ከጻፉት ሰብስቢ» ካሉሽ ግን ሌላ ርዕስ ፈልጊ።