የዝሆን ጥርስ፣ ሆንግ ኮንግና የለንደን ስድስት ወር፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ዝሆን ጥርስ እገዳ ሳወራ፣ እንግሊዝ ለሆንግ ኮንግ ስላስገኘችው የስድስት ወር ፋታ ብዙ ጠየቃችሁኝ። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነገሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ጥቅምት 1989 ላይ ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ፣ የሳይትስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት) አባል አገሮች የአፍሪካን ዝሆን አባሪ 1 ውስጥ አስገቡት። አባሪ 1 ማለት ዓለም አቀፍ ንግዱ ቀረ ማለት ነው። የሚጀምረው ጥር 18 ቀን 1990። ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ሆንግ ኮንግ ነጋዴዎች መጋዘን ውስጥ ደግሞ 670 ቶን ገደማ ጥርስ ተከምሯል። ጥርሱን የሚቀርጸውም ነጋዴውም የሚኖረው ወደ ውጭ በመሸጥ ነው፤ ስለዚህ ጮኹ። ለንደንም «ውሳኔው ለሆንግ ኮንግ እስከ ሐምሌ 18 አይሠራም» ብላ አስመዘገበች።

ጥያቄ፦ እንዲህ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። ስምምነቱ ራሱ በ90 ቀን ውስጥ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ማለት ይፈቅዳል። ቻይናና አንዳንድ የደቡብ አፍሪካ ቀጠና አገሮችም ብለዋል። እንግሊዝን ያስተዛዘባት ለራሷ እገዳውን ተቀብላ ለግዛቷ ግን ሌላ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሆንግ ኮንግ ራሷ ለምን አልተናገረችም?

የውጭ ጉዳዩ የለንደን ነበር፣ የራሷ ድምፅ የላትም። ዓመቱንም አስቡት፤ ሰኔ ላይ ቤጂንግ ውስጥ የቻይና ሠራዊት ሰልፈኞችን የገደለበት የቲያንአንመን ግድያ ሆኗል፣ ሆንግ ኮንግ ለቻይና የምትመለስበት 1997 እየቀረበ ነው፣ ሰዉ «እንግሊዝ ትታን ልትሄድ ነው» እያለ ነው። በዚህ ላይ ነጋዴውን ማስቀየም ለለንደን የከበደ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተሸጦ አለቀ?

ኧረ የት! እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ፋታ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ገዢ ማግኘት ሌላ። አሜሪካ፣ አውሮፓና ጃፓን በራቸውን ዘግተዋል። የቀረው እንደ ቻይና ያለ እገዳውን ያልተቀበለ ወይም ከነጭራሹ አባል ያልሆነ አገር ብቻ ነው። ሐምሌ መጣ፣ ፋታው አበቃ፣ ብዙው ጥርስ እዚያው ቀረ።

ጥያቄ፦ ስድስት ወር ለዝሆኑ ያን ያህል ይጎዳል?

በአስር ዓመት ከ1.3 ሚሊዮን ወደ 600,000 ገደማ ለወረደ እንስሳ ማንኛውም ቀዳዳ ያስፈራል፣ ተቃዋሚዎቹ አልተሳሳቱም። እኔ ግን የበለጠ የሚያናድደኝ የተረፈው ክምችት ነው። የሚገዛውም የሚያስወግደውም ሳይኖር፣ እዚያው ከተማ ውስጥ በፈቃድ ይሸጥ ተባለ። አሮጌ ጥርስ ከአዲስ በዓይን አይለይም፤ ሕገወጡ በሕጋዊው ስም ሲገባ ኖረ። ሙሉ እገዳው የተፈጸመው በ2021 መጨረሻ ነው። የስድስት ወሩ ጣጣ 31 ዓመት ፈጀ።